የጾም ነው የተባለው ኩኪስ

ጥሬ እንቁላል ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጠላኛል። ተጠብሶ ሲመጣ እበላዋለሁ፤ ሲሰበር ግን ማየት አልችልም። ነጩ ከቅርፊቱ ተንጠልጥሎ ልውረድ አልውረድ እያለ ሲለጠጥ፣ በመሐሉ ያለችው ክር የመሰለች ነገር ብቅ ስትል ከኩሽና ወጥቼ እሄዳለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ኑሮዬን በእንቁላል ነጭ ላይ መመሥረቴ ዛሬም ይገርመኛል።

ነገሩን ያመጣችው እህቴ ናት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ያለው ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ፤ እሷ ከነበረችበት ሱቅ ወጥታ ቤት ተቀምጣለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አንዲት ሴት ኩኪስ ላይ ነጭ ነገር ታፈሳለች፤ ነጩ ነገር ራሱን በራሱ ይዘረጋና እንደ ሳህን ለስልሶ ይደርቃል።

"አየሽ? ሮያል አይሲንግ ይባላል። የእንቁላል ነጭና የተፈጨ ስኳር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። አንቺ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ እኔ ደግሞ ሰው ማናገር እችላለሁ። ሌላ ምን ቀረን?"

"ጥሬውን ነው እንዴ የሚበላው?"

"ስኳሩ ያበስለዋል።"

ስኳር እንቁላል እንደማያበስል አላጣሁትም። ግን ከየካ አባዶ መሐል ከተማ ድረስ ጠዋት ማታ በሚኒባስ መንገላታቱ መሮኝ ስለነበር ክርክሩን ተውኩት። መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ ኋላ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ ገባሁበት።

ሰው ሁሉ "እንዴት ያምራል!" የሚለውን ኩኪስ፣ ቤታችን ገብቶ ሲሠራ ቢያየው ኖሮ የሚበላው አይመስለኝም። እህቴ ነጩን ከአስኳሉ የምትለየው በእጇ ነበር። እንቁላሉን መዳፏ ላይ ትሰብረዋለች፤ ነጩ በጣቶቿ መሐል እየተዝለገለገ ወደ ጎድጓዳው ሳህን ይወርዳል፤ አስኳሉ እጇ ላይ ይቀራል። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ስልክ ታነሳለች። ያ ጨርቅ ጠዋት እርጥብ ነው፤ ማታ ደርቆ እንደ ካርቶን ይቆማል፤ ሽታው ግን አይለቅም። አይሲንጉን የምንጨምቅበት ሾጣጣ ላስቲክ ጫፉ ሲደፈንባት በምላሷ ጠርጋ መልሳ ትሰጠኛለች።

"ምን አለበት? በሽታ የለብኝ!" ትለኛለች።

ወለሉ ይጣበቃል። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ነጠላ ጫማዬ በየእርምጃው እየተላቀቀ ቸክ ቸክ ይላል። ጉንዳን ደግሞ በየት በኩል እንደሚገባ ሳናውቅ አራት ፎቅ ወጥቶ ስኳሩ ውስጥ እናገኘዋለን፤ እሷ በወንፊት ነፍታ ታወጣውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

አንዲት ቅጽበት ግን እወድ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። አይሲንጉ ሁለት ዓይነት ነው። ወፈር ያለው የኩኪሱን ዳር ያጥራል፤ ቀጠን ያለው በአጥሩ ውስጥ ይፈሳል። አረፋውን በስቴኪኒ እያፈነዳሁ ወደየጥጉ ገፋ አደርገውና ትሪውን ቀስ ብዬ እነቀንቀዋለሁ። ያን ጊዜ ላዩ ላይ ያለው ሽንትርትር ሁሉ ይጠፋና ጸጥ ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ለስላሳ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ከምን እንደተሠራ ሳስታውስ ግን ደስታው ይቆረጣል። ልደት ቤት ስናደርስ የማየውም አይረዳኝም። ልጆቹ ቀለሙን ልሰው ብስኩቱን ወደ ሳህኑ ይመልሱታል። ስንት ሰዓት አጎንብሼ የሳልኩት አበባ በምራቅ ርሶ፣ እነሱ በሰማያዊ ምላስ ሲስቁ ፊቴን አዞር ነበር።

በክረምት ሁሉም ነገር ይብሳል። አየሩ እርጥብ ስለሆነ አይሲንጉ አይደርቅም። እህቴ ለዚህም መላ አገኘች፤ የራሷን የፀጉር ማድረቂያ አምጥታ ኩኪሱ ላይ ትነፋበታለች። ቤቱ በቫኒላና በተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሞላል። አንድ ጊዜ ለክርስትና በሠራሁት የሕፃን ጫማ ላይ ረጅም ፀጉር ተጋድሞ ደርቆ አገኘሁ። ስስበው ነጩን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ወጣ። እህቴ ስንጥቁን በአዲስ አይሲንግ ደፍና ላከችው።

ያ ትእዛዝ የመጣው አምና፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ነው።

የደወለው አያት ሰፈር አዲስ ቤት ሠርቶ የሚኖር ጎልማሳ ነበር። እናቱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ይኖራሉ፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እህትና ወንድሞቹ ከየክፍለ ሀገሩ ለዕረፍት የሚመጡት በዚያ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ልደቱ ከጾሙ ሊወጣ አልቻለም። ሰማንያ ኩኪስ ፈለገ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። ሁሉም ነጠላ ይምሰል፤ ነጭ ሆኖ ዳሩ ላይ ጥለት ይኑረው አለ።

"ግን አደራ እህቴ" አላት፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም እሰማለሁ። "የጾም ይሁን። እናቴ በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳን አትቀምስም። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንዳይነካው።"

"ችግር የለም! የጾም እንሠራለን፤ የለመድነው ነው" አለች እህቴ።

አንድም ቀን ሠርተን አናውቅም ነበር።

ብስኩቱን በዘይት ሠራነው፤ እሱ ቀላል ነው። አይሲንጉን ግን በምን? በእንቁላል ነጭ ፈንታ የሽምብራ ቅቅል ውሃ እንደሚሆን አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ሽምብራ ዘፍዝፌ ቀቀልኩና ውሃውን እስኪወፍር ድረስ አፈላሁት። ሲቀዘቅዝ ዝልግልግ አለ። ከእንቁላል ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር፤ መዝለግለጉ ግን ያው ሆነ፤ በዚያ ላይ ሽታው የሰነበተ ካልሲ ነው። ቢሆንም በሚክሰር ስመታው ነጭ አረፋ ሆነልኝ፤ ስኳር ሲገባበትም አበጠ። ደስ ብሎኝ አሥር ነጠላ ሠራሁ። በማግስቱ ጠዋት ሳያቸው አልደረቁም። ላያቸው አልቦታል፤ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ወደ ነጩ ሰርጎ፣ ከቁስል ላይ የተነሳ ፋሻ መስለዋል። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ያው። የቀረው የሽምብራ ውሃ ድስቱ ውስጥ ኮምጥጦ ቤቱን አገማው።

ሁለት ቀን ሲቀረን ማሸጊያ ካርቶን ልገዛ መገናኛ ሄድኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ሙሉ ሳህን አይሲንግ ጠበቀኝ፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በማንኪያ ሲነሳ ቀጥ ብሎ የሚቆም።

"ተሳካልኝ!" አለችኝ እህቴ። "ውሃውን በደንብ አወፈርኩትና ሎሚ ጨመርኩበት።"

አሸተትኩት። ሎሚና ቫኒላ ነው፤ የሽምብራው ሽታ የለም። አሁን ሳስበው ነገሩ በዚያች ደቂቃ ገብቶኛል። ግን መጠየቅ አልፈለግኩም። ደክሞኝ ነበር፤ አይሲንጉም እንደዚያ ቀን ታዝዞልኝ አያውቅም። ሰማንያውንም በዚያን ቀንና በማግስቱ ጨረስኳቸው። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ነበሩ።

በማድረሻው ቀን ካርቶኖቹን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ውሃ ልቀዳ ፍሪጁን ከፈትኩ። ከጎመኑ ጀርባ በሲኒ ማስቀመጫ የተከደነ የሻይ ኩባያ አየሁና አነሳሁት። አስኳል ነበር። ስምንት ወይም ዘጠኝ አስኳል እርስ በርሱ ተጨፍልቆ፣ ላዩ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል፤ አንዱ ላይ የደም ነጥብ አለ። እህቴም እንደኔ ጿሚ ናት። አስኳሉን ያስቀመጠችው ጾሙ ሲፈታ ልትጠብሰው ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ዝጊው፤ ይሸታል።"

"ምንድን ነው አልኩሽ?"

"ታውቂው የለ እንዴ! ምን ላድርግ? ያንቺ ሽምብራ እንዴት እንደሆነ አይተሽዋል።"

"ጾም ነው እኮ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ሰማንያ ኩኪስ ላይ ስምንት እንቁላል! ለአንድ ሰው ምን ያህል ይደርሰዋል? ጠብታ ነው። ማንም አያውቅም። ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ አንቺ ማድረስ ብቻ ነው ያለብሽ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ የተከራየነው መኪና በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። ኩባያውን መልሼ ከደንኩና ካርቶኖቹን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

ኮተቤንና መገናኛን አልፈን፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ስንያያዘው ጉም ወረደብን። ካርቶኖቹ ጭኔ ላይ ናቸው። ሹፌሩ "ጠረኑ ደስ ይላል፤ ልደት ነው?" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ የሚሸተኝ ያ ኩባያ ብቻ ነበር። መስኮት ብከፍትም፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ቢገባም ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ከቅዳሴ የተመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሳሎኑን ሞልተውታል። የቤቱ የንስሐ አባት ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ልጅየው፣ ስልክ የደወለልን ሰውዬ፣ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ኩኪሶቹን ትልቅ ትሪ ላይ ደረደረና እየዞረ ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ለገባው ሁሉ "የጾም ነው! ራሴ አስጠንቅቄ ነው ያሠራሁት" ይላል። በተናገረው ቁጥር ወደ በሩ አንድ እርምጃ እሸሻለሁ።

እናቱ ትንሽ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴትዮ ነበሩ።

"ልደት ይለኛል እንጂ" አሉ ለሴቶቹ፤ "የተወለድኩበትን ቀን እኔ አላውቀው፣ እሱ ከየት አመጣው?"

ሁሉም ሳቁ። አባታችን ተነሥተው ማዕዱን ባረኩ። እንጀራውን ባረኩ፣ ሽሮውን ባረኩ፣ መስቀላቸውን በትሪው ላይም አማተቡ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ እጄን አያለሁ። ጥፍሬ ሥር ነጭ አይሲንግ ደርቆ ነበር።

"እማዬ፣ ቅመሺው እስቲ" አለ ልጅየው። አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

"ይሄ እውነት ይበላል? ያሳዝናል እኮ!" አሉና ከጥለቱ በኩል ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉት። "ይጣፍጣል። ማናት የሠራችው?"

ወደ እኔ ጠቆሙ። ልወጣ ዞር ስል ተጠራሁ።

"ነይ የኔ ልጅ። የሠራ ሰው ሳይቀምስ ይሄዳል?"

"እማማ፣ ይቅርብኝ፤ ልሂድ..."

"በሞቴ!"

የተረፈውን ግማሽ በእጃቸው አጎረሱኝ። ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ፤ አባታችንም ያያሉ። አይሲንጉ በጥርሴ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰበረና ምራቄን ሲያገኝ ወደ መዝለግለጉ ተመለሰ። ስኳሩ ቀልጦ ሲያልቅ አፌ ውስጥ የቀረው ያ እንቁላል ነው። ሳላኝክ ዋጥኩት። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ ሮጥኩ።

ከአጥሩ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተንበርክኬ አስመለስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበርና የወጣው ነጭ ነገርና ውሃ ብቻ ነው። አፌን በእርጥብ ቅጠል ስጠርግ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እናትየው ጣሳ ውሃ ይዘው መጥተዋል።

"አይዞሽ" አሉ ጀርባዬን እያሹ። "ስንት ወርሽ ነው?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

"እርጉዝ አይደለሁም እማማ። እንቁላል አለበት።"

"ምኑ?"

"ኩኪሱ። ነጩ ሁሉ የእንቁላል ነው፤ ጥሬ እንቁላል። የጾም አይደለም። ጠዋት አውቄ ነው ያመጣሁት።"

ጣታቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አዩት። ጎንበስ ብለው እጃቸውን በእርጥቡ ሣር ላይ ጠረጉ፤ አንዴ፣ ደግመው፣ ሦስተኛ። ከጣሳው ውሃ ጎንጨት ብለው አፋቸውን ተጉመጠመጡና ተፉ። ጣሳውን ሰጡኝ፤ እኔም ተጉመጠመጥኩ።

"እኔ ሳላውቅ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ግን አውቀሽ ተሸክመሽ ይሄን ሁሉ ዳገት ወጣሽ?"

ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። እንደገረማቸው ብቻ ነው ያሉት።

"አባታችን በልተዋል?"

"አላየሁም።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ፈጠን እያሉ ተመለሱ፤ ተከተልኳቸው። አባታችን አንድ ኩኪስ በእጃቸው ይዘው ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌ ጋር ያወራሉ፤ ገና አልቀመሱትም። እናትየው ትሪውን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ።

"ይሄ ለፍስክ ይቆይልኝ" አሉ።

"እማዬ ምን ሆነሻል? የጾም ነው አልኩሽ እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ልደቱ የኔ አይደል? ለፍስክ ይቆይልኝ።"

አባታችን ሴትዮዋን ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና በእጃቸው የያዙትን ትሪው ላይ መለሱ። ሁለት ሦስት ሴቶች ማላመጥ አቆሙ። አንደኛዋ ከአፏ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። እናትየው ትሪውን ወደ ጓዳ ይዘው ገቡ። ሲመለሱ "እንጀራው እየቀዘቀዘ ነው፤ ብሉ እንጂ" አሉ፤ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ልጅየው ግን እስከ አጥሩ በር ተከተለኝ።

"እንቁላል አለበት አይደል?"

"አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ግንባሩን በመዳፉ መታ። ስለ እናቱ አንድ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር።

"አሁን እኮ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ! የጾም ብዬ! ምን ሊባል ነው?" አለኝና ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ።

ተጸየፍኩት። ከዚያ እኔ ማን ሆኜ ነው ሰው የምጸየፈው ብዬ አሰብኩና ዳገቱን በእግሬ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ እህቴ ኩባያውን አጥባ ገልብጣዋለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አባታችን ስነግራት ብቻ ፊቷ ተለዋወጠ። "ካልበሉት ምን ችግር አለ?" አለች ወዲያው። ተጨቃጨቅን። ውሸታም አልኳት፤ ቆሻሻ አልኳት። መጀመሪያ ጮኸች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

"አንቺን ያስመለሰሽ ኃጢአቱ አይደለም፤ እንቁላሉ ነው። እንቁላል ባይሆንና ወተት ቢሆን ኖሮ ፈገግ ብለሽ በልተሽ ትመለሺ ነበር።"

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳህኑን አሽትቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ካርቶኑን አቅፌ የተቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ሆዴ እምቢ ባይል ኖሮ አፌ ይናገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእህቴ ሥራ ይልቅ የሚያስጠላኝ ይህ አለማወቄ ነው።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። መስከረም ሲገባ እንጦጦ ወጥቼ እናትየውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። "ይቅር ይበልሽ" አሉና አንድ እቅፍ ጎመን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ አብረን ቀነጠስን። ስለ ኩኪሱ አንድም ቃል አላነሱም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመልሻለሁ። ኮተቤ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋ ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ፤ መንገዱም አጠረልኝ። እህቴ አሁንም ትሠራለች፤ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሌላ ልጅ አግኝታለች። የዚያን ቀን የሰማንያ ነጠላዎቼ ፎቶ ዛሬም ገጿ ላይ አለ፤ ሥሩ "የጾም ትእዛዝ እንቀበላለን" ይላል። አጥፊው ብያት ነበር፤ ብዙ ደንበኛ የሚያመጣላት እሱ ስለሆነ አላጠፋችውም። በዓል ሲሆን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ እናወራለን፤ እንሳሳቃለን። ምግብ ስታቀርብልኝ ግን ሆዴ ሞልቷል እላለሁ። ለምን እንደምል ታውቃለች። ሳህኑን ታነሳዋለች።